ስታበርን ያልኳቸው ተማሪ

ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል የስደተኞች ሰፈር በሚገኝ አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ለስምንት ቻይናውያን እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። የተማሪው ቁጥር ከስድስት ካነሰ ክፍሉ ይዘጋል። የመጀመሪያ ሥራዬ ስለነበር ነገሩ ያሳስበኛል።

እያንዳንዱን ቅጽል የማስተምረው በቅደም ተከተል ነው፤ ትርጉሙን፣ ከምን ጋር እንደሚነገር፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ካለ ሰው ምሳሌ። የዚያ ማክሰኞ ቃል ስታበርን ነበር። "ግትር ማለት ነው። ለልጅም፣ ለበቅሎም፣ አልለቅ ላለ ቆሻሻም ይባላል። ለሰው ሲሆን ብዙ ጊዜ ወቀሳ ነው፤ ጽኑ ሰውን ለማመስገን አትጠቀሙበት" አልኩ።

ከፊት የሚቀመጡት ሽማግሌ አገራቸው ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ ናቸው። መዝገበ ቃላት ዝጉ ስል አይዘጉም። ሁለት ወር ታገስኳቸው። ያን ቀን ግን ወደ እሳቸው እያመለከትኩ "እኚህ ሰው ስታበርን ናቸው፤ ዝጉ ሲባሉ አይዘጉም" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

መጀመሪያ የሳቁት አብረዋቸው የሚማሩት ባለቤታቸው ናቸው። "ቤት ብታዪው ምን ልትዪ ነው?" አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌው ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ባለቤታቸው ሳቃቸውን ውጠው ተከተሏቸው።

ሐሙስ አራት ሰው ብቻ መጣ። ሬስቶራንት ውስጥ ወጥ የሚሠራው ተማሪዬ "ሕንጻው ውስጥ የሚሰማው እሳቸው ያሉት ነው፤ አንቺ ያልሽው አይደለም" አለኝ።

"አንተስ ለምን መጣህ?"

"ውጭ ብርድ ነው።"

አሠሪዬ ተማሪዎቹን እንድመልስ እስከ ማክሰኞ ጊዜ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ሕንጻ የሚኖሩትን ሽማግሌ የሽንኩርት ከረጢት ይዘው ሊፍት ሲጠብቁ አገኘኋቸው።

"ቃሉ በወዳጆች መካከል ቀልድም ይሆናል፤ እንደ አነጋገሩ..." ብዬ ጀመርኩ።

"እኛ ወዳጆች አይደለንም።"

"ዘዴዬ ነው። ሁሉንም ሰው ምሳሌ አደርጋለሁ።"

"እኔም አስተምሬያለሁ። ጥፋተኛውን ለብቻው ጠርቼ እቆጣለሁ፤ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ጎበዙን ነው። አባትሽን እንደዚያ ትጽፊያለሽ?"

አልጽፍም። በአማርኛ ብናወራ ኖሮ አንቱ የምላቸውን ሰው እንዲህ አልደፍርም ነበር። በእንግሊዝኛ ስናገር እኩያዬ መሰሉኝ። ይህ ገብቶኝ እያለም ንዴቴ አልበረደም።

"ደንቡን የጣሱት እርስዎ ነዎት። አዋቂ ተማሪም ቢሆን እርማት መቀበል አለበት፤ አንደኛ፣ ለሌሎቹ ምሳሌ ስለሚሆን..."

ሊፍቱ ተከፈተ።

"አሁንም ታስተምሪኛለሽ" አሉና ገቡ። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ቆሙ።

ማክሰኞ ሦስት ሰው መጣ። ወጥ ሠሪውም ቀረ። አሠሪዬ የክፍሉን ቁልፍ ልትቀበለኝ መጣችና ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርኳት።

"ይቅርታ ጠየቅሻቸው?" አለችኝ።

"አስረዳኋቸው" አልኩ።