ራሷ ውኃ እስክትቀዳ ድረስ

በዚህ ክረምት ልጄ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች በስልኳ ሽንኩርት አዘዘች። ሱፐርማርኬቱ ከቤታችን መንገድ ማዶ ነው፤ ድስት ጥዳ ብትሄድ ሳይፈላ ትመለሳለች። ሞተረኛው ከላይ እስከ ታች በዝናብ ርሶ፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥሎ ሲያንኳኳ የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

«እግርሽ ምን ሆነ?» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! ዘመኑ ነው። በእናንተ ጊዜ ይሄ የት ነበር?»

ነበር። ጉለሌ ውስጥ፣ በእኛ ቀበሌ፣ ዕቃን ሰው ቤት ድረስ ማድረስን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ልጆቼ እንዲያውቁት ነው። የሠራሁትን በጎ ነገር ብቻ ሳይሆን ያበላሸሁትንም እጽፋለሁ፤ የራሱን ጥፋት የማይናገር አባት ምክሩ አይሰማምና።

በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ የእደላ ኃላፊ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ቀደም ሲል አንድ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሬ ስሠራ፣ ስኳርና ጨው ከምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ማንም አላስተማረኝም። በዚህ ምክንያት በገዛ እጄ የጻፍኩት ነገር ሁሉ ትልቅ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ጥፋቴም የመጣው ከዚያው ነው።

ያኔ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ጤፍ በካርድ ነበር የሚገኘው። በየአሥራ አምስት ቀኑ እደላ አለ። ሰልፉ ከሱቁ መስኮት ይነሣና በውኃ ቦኖው በኩል ዞሮ ወደ ዊንጌት እስከሚወስደው መንገድ ይደርሳል። ሰፈራችን ዳገት ነው፤ ሱቁ ከታች፣ ቤቶቹ ደግሞ ወደ እንጦጦ እየተደራረቡ ከላይ። መውረዱ ለማንም አይከብድም። ተሸክሞ መውጣት ነው ጣጣው።

አንድ ሐምሌ፣ ዓይናቸው የጠፋ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ዘይታቸውን በጠርሙስ ይዘው ዳገቱን ሲወጡ ጭቃው አዳለጣቸው። ስደርስ ጠርሙሱ ተሰብሯል፤ እሳቸው በእጃቸው ጭቃውን ይዳብሳሉ።

«ምን ጠፍቶብዎት ነው አባቴ?»

«ክዳኑ ነው ልጄ። ክዳኑ እንኳ ለሌላ ጠርሙስ ይሆናል።»

ያ «ክዳኑ ነው» ማለታቸው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ተነሥቼ፣ ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ዕቃው ቤታቸው ድረስ ይሂድላቸው አልኩ።

ሊቀመንበራችን ሣቅ አለ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው ጓድ። ማን ይሸከም? አንተ?»

አዳራሹ ሣቀ። እኔ ግን አስቤበት ነበር። «ባዶ ጀርባ አለ» አልኩ። «በየቀኑ በሱቃችን በር ያልፋል።»

ማለቴ እንጨት ተሸካሚዎቹን ነው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው፣ ግንባራቸው መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። እንጨቱን ሸጠው ሲመለሱ ገመዳቸው ትከሻቸው ላይ ተጠቅልሎ፣ ጀርባቸው ባዶ ሆኖ ሽቅብ ይወጣሉ። የሚኖሩት በቀበሌያችን ራስጌ ነው። የእነሱም ችግር በእደላ ቀን ሰልፍ ሲጠብቁ የእንጨት ቀናቸው መበላሸቱ ነበር።

አለቃቸው ረጅም ሴት ነበረች፤ ከመጥረቢያዋ ምላሷ ይስል ነበር። ነገሩን ስነግራት ወገቧን ይዛ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እንጨት ጭነን ስንወርድ አህያ ነን። ስንወጣ ደግሞ ዘይት ሊጭኑን ነው?»

«ዘይት የሚጭን ሰልፍ አይቆምም። የራሱን ኮታ ከሁሉ በፊት ይወስዳል።»

ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «እናንተ! ሰልፍ የለም አሉ፤ ጀርባ አዘጋጁ!»

ደንቡን በካርቶን ላይ በትልልቁ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ዕቃው ቤት ድረስ የሚሄድለት፦ ዓይነ ስውርና መራመድ የማይችል፤ የሐኪም ወረቀት ያለው ሕመምተኛ፤ አራስ እስከ ክርስትና ድረስ። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሴቶች ተጭነው ወጡ። እንዳይበላሽ ብዬ እስከ ዳገቱ አጋማሽ ተከተልኳቸው። ሽማግሌው ሸማኔ በራቸው ላይ ቆመው የጠርሙሱን አንገት ሲዳብሱና ክዳኑን ጠበቅ ሲያደርጉ አየሁ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተመስግኛለሁ፤ እንደዚያ ያለ ምስጋና ግን ዳግም አላገኘሁም፤ እሳቸው መኖሬንም አላወቁም።

ሰው ግን ሰው ነው። በጎ ነገር ባለበት አላግባብ የሚጠቀም አይጠፋም። እደላ ሲደርስ ብቻ የሚያነክስ ሰውዬ ነበረን፤ እሑድ ኳስ ሲጫወት በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰልፍ መቆም ክብሬን ይነካል ብላ የታመመች እመቤትም ነበረች። እነዚህን አባረርኩ። ያስቸገረችኝ አንዲት አራስ ናት።

«ጋሼ» አለችኝ ረጅሟ ሴት አንድ ቀን፣ «የዚያች አራስ ልጅ ዛሬ እየዳኸ መጥቶ ተቀበለኝ።»

«ክርስትናውስ?»

«የክርስትና አባቱ ከሐረር እስኪመጣ ነው ትላለች። ሰውዬው በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው? እሷ እንደሆን ትናንት ከቦኖው ሁለት ጀሪካን ይዛ ስትሮጥ አይቻታለሁ።»

ደሜ ፈላ። ደንቡ የኔ ነው፤ በእኔ ደንብ እንዴት ይቀለዳል? መፍትሔው ቀርቦ፣ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ግን አላየሁትም። በምትኩ አንድ መስመር ጨመርኩ። የክርስትናው ቀንና ደብሩ ይመዝገብ፤ ያላስመዘገበች አይደርሳትም። በዝርዝሩ ላይ ደብር የሚል ዓምድ አሰመርኩ። ተሸካሚዎቹ በየቤቱ እየጠየቁ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ዝርዝሩ ሲሞላ ለሊቀመንበሩ ይቀርባል። ሥራዬን አይቼ ረካሁ።

ከዳገቱ በላይ አንዲት ወጣት ሚስት ነበረች። ባሏ ከወለጋ፣ እሷ ከከምባታ የመጡ ናቸው፤ እሱ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ጴንጤዎች መሆናቸውን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሑድ ጧት መስኮታቸው ተዘግቶ ዝግ ያለ መዝሙር ይሰማል ይባላል። ሴቲቱ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተገላግላ ቁስሉ አልጠግግ ብሏት ተኝታ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሕፃን ክርስትና አያስነሡም፤ ልጁ አድጎ፣ አውቆ ሲያምን ነው የሚያጠምቁት። ይህን አውቅ ነበር። ደንቡን ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም፤ ለእኔ ክርስትና የማይነሣ ሕፃን አልነበረማ።

ረጅሟ ሴት ከዚያ ቤት ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ደብሩ የት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ፊቷን ወደ ልጇ መለሰች። ‹እንጦጦ ማርያም በይኝና ልገላገል› አልኳት። ‹አልዋሽም› አለችኝ። ‹እንግዲያስ እውነቱን ተናገሪ› ስላት፣ ‹እሱንም በዝርዝር ላይ አታስጽፉኝ› አለች። በመጨረሻ ካርዷን ከእጄ ወስዳ፣ ‹ከእንግዲህ አታምጪልኝ፤ እኔው እወርዳለሁ› ብላኛለች። በምን እግሯ እንደሆን እንጃ።»

«ደንብ ደንብ ነው» አልኩ።

እውነቱን ልናገር። ያን ስል በልቤ ትንሽ ደስ ብሎኛል። እምነቷ ልክ አይደለም ብዬ አስብ ስለነበር፣ እስቲ ትየው የሚል ስሜት ነበረኝ።

በሚቀጥለው እደላ ወረደች። ባሏ የቀን ፈረቃ ነበር። ልጇን በደረቷ አቅፋ፣ ግድግዳ እየተደገፈች መጥታ ሰልፉ ጅራት ላይ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ ቦኖው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በመስኮቴ ሳይ፣ ቀሚሷ ሆዷ አካባቢ ረጥቧል፤ ውኃ አልነበረም።

ረጅሟ ሴት ሰልፉን ሰንጥቃ መጣችና ገመዷን የሚዛኑ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው።

«ይኸው ገመዱ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ሽቅብ ዘይት ልወስድልዎ ነው የተስማማነው ጋሼ። ቁልቁል የሰው ምስጢር ተሸክሜ ላመጣልዎ አልተስማማንም። በቃኝ።»

ዝርዝሩ ፊት ለፊቴ ተዘርግቷል። የሁሉም አራሶች ስም ትይዩ ደብር ተጽፏል፤ በዚያች ሴት ስም ትይዩ ብቻ ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ ይናገር ነበር። በዚያው ቀን ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሊቀመንበሩ መቅረብ አለበት። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ተጠርቶ ሄዶ ሳይመለስ ቀርቷል። ያን ወረቀት ያሰመርኩት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ካርቶኑን ከበሩ ገንጥዬ ጀርባውን ገለበጥኩ። የምጽፈውን ሳስብ፣ በመስኮቱ ስንጥቅ በኩል ሴቶች ከቦኖው ሲቀዱ ይታዩኛል፤ አንዷ ጀሪካኗን አንሥታ ጀርባዋ ላይ አዘለች። ያኔ ገባኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «አራስ፣ ራሷ ውኃ እስክትቀዳ ድረስ።» ዝርዝሩንም ደብር የሚለውን ዓምድ ትቼ በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ የፊተኛውን ቀደድኩት።

ወጥቼ ካርቶኑን ለጠፍኩ። ለወጣቷ ሴት ዘይቷን፣ ስኳሯንና ሳሙናዋን ከሁሉ በፊት ሰፍሬ ለረጅሟ ሴት ሰጠኋት፤ ሁለት ጓደኞቿ ደግሞ አራሷን ግራና ቀኝ ደግፈው ዳገቱን ወሰዷት።

«ለሷ ብቻ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ከሰልፉ።

«ደንቡን አንብብ» አልኩት።

ጮክ ብሎ አነበበው። ከኋላ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ተሰማ፤ «እሰይ! ያቺ የሐረሯ አራስስ? ትናንት ሁለት ጀሪካን ነው የቀዳችው!» ሰልፉ በሣቅ ፈረሰ። ያች ሴት በሚቀጥለው እደላ ቀድማ መጥታ ተሰለፈች፤ የክርስትና አባትየውም በዚያው ሳምንት ደረሰ መሰለኝ፣ ድግሱን ሰማን።

ወደ ማታ ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባሁ። ዝርዝሩን አገላበጠ።

«ጓድ፣ ደብር የሚል ዓምድ አለው ብለውኝ ነበር። የት ገባ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በአብዮቱ ሱቅ መዝገብ ላይ የታቦት ስም መጻፍ የንቃተ ኅሊና ማነስ ነው። ግለ ሂስ አድርጌበት አስወግጄዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ የገዛ ልጁን ክርስትና ባለፈው ወር በድብቅ ያስነሣ ሰው ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ትክክል ነው ጓድ» ብሎ ማኅተሙን መታ።

ያልኩት ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም። ወጣቷ ሴት አንዲት ቃል ብትዋሽ ዘይቱ በሯ ድረስ ይመጣላት ነበር፤ አልዋሸችም። እኔ በተቀዳደደ እውነት ተጠቅሜ አመለጥኩ። በእምነት ዛሬም ከእሷ ጋር አልስማማም። ከሁለታችን ማን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ግን አውቃለሁ።

ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ረጅሟ ሴት ከላይ ስትወርድ ካርድ ይዛ መጣች።

«ያቺ ሴት ናት የላከችው። ‹ዛሬ ውኃ ቀድቻለሁ፤ ከዝርዝሩ ያውጡኝ› ብላለች።»

ቤት ድረስ ካደረስንላቸው ሁሉ፣ አውጡኝ ብሎ የላከ ሌላ ሰው አላስታውስም።

«ስንት ቀዳች?»

«ግማሽ ባልዲ። እሱንም ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አርፋ።»

«ግማሽ ባልዲ ቀዳች አይባልም።»

«እኔም ብያታለሁ ጋሼ። ‹ደንቡ ስንት ባልዲ አይልም› አለችኝ።»

ስሟን ሰረዝኩ።

በሚቀጥለው እደላ ልጇን አዝላ መጣች። የፊተኞቹ፣ ነይ እለፊ አሏት። እኔ በመስኮቱ፣ አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሰልፍ ሰልፍ ነው። ያልኩት ገብቷት፣ ቅር ሳይላት ቦኖው ዘንድ ሄዳ ከጅራቱ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ካርዷን ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ በሩ ላይ ያለውን ካርቶን አነበበች።

«ጽሕፈትዎ ያምራል» አለችኝ።

ከስኳር መጠቅለያ ላይ የተማርኩት ጽሕፈት ነው አላልኳትም። ዘይቷን በልኩ ሰፈርኩላት፤ ከልኩ በላይ አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም።