ዝም ያልንለት የቴኒስ ጨዋታ

በጃንሆይ ጊዜ፣ ድሬ ላይ ሰው ለልብስ ማጠቢያ ውሃ ሲሻማ፣ የፈረንጆቹ ክበብ ሣር ጠዋትና ማታ ጠግቦ ይጠጣ ነበር። እኔ ያንን ሣር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ታላቅ ወንድሜ ግን በፍቅሩ አብዶ ነበር። ጉምሩክ ጸሐፊ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ከሰፈራችን ጀርባ የደለደለው ደረቅ መሬት ላይ ገመድ ወጥሮ ቴኒስ ይጫወታል። ምኞቱ አንድ ብቻ ነበር፤ የክበቡ አባል ሆኖ ሣሩ ላይ መጫወት። የክበቡ ሰዎች ሁለት ዓመት ካመላለሱት በኋላ፣ መቼም ሲሰለቻቸው ይመስለኛል፣ “የእኛን አንደኛ ተጫዋች ካሸነፍክ አባል ትሆናለህ፤ ከተሸነፍክ ግን ጥያቄውን ሁለተኛ እንዳታነሳ” አሉት። አንደኛው ተጫዋች የአንድ ግሪክ ነጋዴ ልጅ ነው። ረጅም፣ ሰላምታ የሚያበዛ፣ ልጠላው ሞክሬ ያቃተኝ ሰው ነበር።

በቀጠሮው ቀን ሰፈሩ ነቅሎ መጣ። አባል ያልሆነ ስለማይገባ ከውጭ፣ አበባ ጥቅጥቅ ብሎ በተጠመጠመበት የሽቦ አጥር ሥር ተደረደርን። በቅጠሉ መሃል ቀዳዳ እየፈለግን ወንድሜን እኛ እናየዋለን እንጂ እሱ እኛን አያየንም።

ከመካከላችን የቴኒስን ሕግ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ከመፍረድ ወደኋላ ያለ የለም። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ መጋላ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ወንድሜን እንደ ልጃቸው ይወዱታል። ዳኛው በፈረንሳይኛ የሚጠራውን ነጥብ አንድ የባቡር ሠራተኛ ይተረጉምላቸዋል። አስራ አምስት፣ ሰላሳ፣ ከዚያ አርባ ሲላቸው ተቆጡ።

“አቦ፣ ይሄ ዳኛ ሌባ ነው ወላሂ። ከሰላሳ በኋላ አርባ አምስት ነው። አምስቷን ማን ወሰዳት?”

ተርጓሚው ሊያስረዳቸው ቢሞክር እሱንም ተጠራጠሩት።

የመጀመሪያው ዙር በጩኸት አለቀ። በሶማሊኛም በኦሮምኛም በአማርኛም በርታ አልነው፤ “አብሽር” ያላለ አልነበረም። ግሪኩ ሊለጋ ኳሷን ወደ ላይ ሲወረውር እናፏጫለን። እኔም፣ እናቴ አትስማና፣ በሁለት ጣት አፏጭቻለሁ። ወንድሜ ዙሩን አሸነፈ።

ያኔ ዳኛው ፊቱ ቀልቶ ወደ አጥሩ መጣና አንድ ነገር ተናገረ። ተርጓሚያችን፣ “እንደገና ከጮኻችሁ ነጥቡን ከልጃችሁ ላይ እቀንሳለሁ ነው የሚለው” አለን። ደነገጥን። አምስቷን የሰረቀ ሰው ሌላ መቀነስ ምን ያቅተዋል? ግን የድሬን ሰው በምን ዝም ታሰኘዋለህ?

መላውን ጨርቅ ነጋዴው አመጡት። ለበርጫ የያዙትን ጫት ፈተው ለእያንዳንዱ ጀባ አሉ። “ጉንጭህ ከሞላ አትጮህም፤ ያዝ” ይላሉ። እኔም ጋ ደረሱ።

“አባባ፣ እኔ እኮ አልቅምም” አልኳቸው።

“ከሁሉም የምትጮኺው አንቺ ነሽ። ያዢ ልጄ።”

እውነታቸውን ነበር። ተቀበልኩ።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር የቅጠል መታኘክ ብቻ ይሰማ ነበር። ወንድሜ ጥሩ ሲመታ ጨርቅ ነጋዴው የተርጓሚውን ክንድ ይጨብጣሉ፤ ሲስት ይቆነጥጡታል። ምስኪኑ እንኳ ትንፍሽ አላለም። በዝምታችን እጅግ ኮርተን ነበር። እንደ ጨዋ ተመልካች መሆናችን ይሄው ነው ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌአለሁ።

ወንድሜ ግን መቸኮል ጀመረ። ኳሷ በእኛ ደረቅ መሬት እንደምትነጥረው አትነጥርም፤ ሣሩ ላይ ዝቅ ብላ ትሾልካለች። ጉልበቱን አጥፎ መጠበቅ ሲገባው እየሮጠ ይመታትና መረብ ላይ ይሰካታል። በሆዴ “ቀስ በል፣ ቀስ በል” እላለሁ። ሁለት ጊዜ ወደ አጥሩ ዞሮ ጥቂት ቆመ። ላቡን የሚጠርግ መስሎኝ ነበር። ዙሩን ተሸነፈ።

በሦስተኛው ዙር ምርቃናው መጣ፤ ተስፋችንም አብሮ አደገ። ሽማግሌው በሐሳባቸው የአባልነቱን ድግስ ደግሰው፣ ስንት በግ እንደሚበቃ ሁሉ አስበው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል። አምስት ለአምስት ሲሆኑ ሽቦውን ሁለት እጄን አስገብቼ ያዝኩት። እንደዚያን ቀን ለማንም ተመኝቼ አላውቅም። ቀጣዩን ግሪኩ ወሰደ፤ ስድስት ለአምስት ሆኑ። ከዚያ በኋላም አንድ ነጥብ ብቻ ቀረው፤ የመጨረሻዋን ኳስ ወንድሜ ጠብቆ ቢመታት ትገባለት ነበር፤ ቸኮለና ከመስመሩ ውጭ ጣላት።

ግሪኩ ትከሻውን አቅፎት ተለያዩ። ወንድሜ ራኬቱን ጨብጦ በበሩ ሲወጣ ጫታችንን ተፍተን ከበብነው፤ ያመቅነው “አብሽር” ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። እሱ ግን ግራ ተጋብቶ አንድ በአንድ ያየን ጀመር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“ተመልሳችሁ መጣችሁ?” አለኝ።

“ከየት ጋሼ? ሁላችንም እዚሁ ነበርን።”

ጨርቅ ነጋዴው አቀረቀሩ። እኔ አፈርኩ።

“ድምፃችሁ ሲጠፋብኝ ትታችሁኝ የሄዳችሁ መሰለኝ” አለ። “ቶሎ ጨርሼ ልውጣ ብዬ ነው የቸኮልኩት።”