አያ አብተው የሰጡት ማሳ

አያ አብተውን ከቡሬ ወዲህ ባለው በኛ ቀበሌ የማያውቃቸው የለም። ደህናውን የጤፍ ማሳቸውን ለትምህርት ቤት የሰጡ ሰው ናቸው። ያኔ ልጆቻችን የሚማሩት ወንዝ ተሻግረው ነበር፤ ሰኔና መስከረም ወንዙ ሲሞላ ቤት ይውላሉ። ሰውዬው ማሳውን ሰጡ፣ ድንጋዩንም ከኛው ጋር ተሸከሙ፣ አንዲት ክፍል ቆመች። አንድ መምህርም ተላከልን፤ ሰውነት የሚባል ጨዋ ልጅ።

ወሬው ሲሰማ ከየጎጡ ልጅ ጎረፈ። መምህሩ ጧት ታናናሾቹን፣ ከሰዓት ታላላቆቹን ቢያደርግም አልበቃው አለ። በዚህ ብዛት አንዱንም በወጉ ማስተማር አልችልም፣ ይብቃን ብሎ ለመናቸው። አያ አብተው ግን ግትር ናቸው፤ አንዴ ካሉ አሉ ነው። በኔ መሬት ላይ ልጅ ከበር አይመለስም አሉ። እኛም መረቅናቸው፤ ማን ይጠላል? የኔን ልጅ ዘሚካኤልንም ዘንድሮ ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው።

ልጃቸው ሕሊና አራተኛ ክፍል ደርሳለች። ደጃፍ ተቀምጣ በመጽሐፉ ላይ ጣቷን እያስኬደች ስትወርደው፣ አባቷ የሚሆኑትን ያጣሉ።

የመስከረም ማርያም ዕለት ማኅበሩ እሳቸው ቤት ነበር። ጠላው ቀመስ ቀመስ ሲደረግ፣ እስቲ አንብቢላቸው አሏት። አነበበች፤ እልል አልን። መሪጌታ ክንፈሚካኤል ግን ቀጣዩን ገጽ ገለጡና ይችን ደግሞ አሏት። ልጅቷ ጣቷን አስቀመጠች። ጣቷ አልሄደም። ለካስ ክፍሉ ሙሉ ልጅ አብሮ ሲጮኻት የመጀመሪያይቱን ገጽ በቃሏ ይዛት ኖሯል፤ ፊደል አትለይም። ወይ ጉድ! አያ አብተው ክው ብለው ቀሩ።

ሰኞ ጧት ዘሚካኤልን ይዤ ስሄድ፣ ሕሊናን በእጃቸው ይዘው ከክፍሉ በር ቆመዋል። ሊቆጡ የመጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጧት ከትንንሾቹ ጋር ፊት አስቀምጦ ፊደል በፊደል እንዲያስቆጥርላቸው መምህሩን ለመኑት።

መምህሩ በሩን ገፋ አድርጎ አሳያቸው። አግዳሚው ሞልቷል፣ መሬቱም ሞልቷል፤ ልጅ መስኮት ላይ ሳይቀር ተቀምጧል።

«አያ አብተው፣ እንግዲህ አንቱ ይምረጡ» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ማንን ላስወጣላት?»

ልጆቹን አንድ ባንድ አዩ። ሮጦ ከፊት የተቀመጠው ዘሚካኤል ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆየ።

«ማንንም» አሉ። የልጃቸውን እጅ ያዙና በዚያው በሰጡት ማሳ አቋርጠው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰው አፉ አያርፍ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይልባቸዋል። እኔ ምን አፍ አለኝ? ሕሊና ቤት ውላ እንጨትና ውሃ ትላለች። የኔው ልጅ ደግሞ ማታ መጽሐፉን ይዘረጋና ጣቱን እያስኬደ ገጹን ይወርድልኛል። ቀጣዩን ገልጬ ይችን ደግሞ ልለው እልና እፈራለሁ።