የዐማራት በሮች ዝርዝር

ሰሞኑን የምኖርበት የካይሮ ሕንፃ ባለቤት ደረጃውንና በሮቹን ሊያስቀባ ሁለት ሠራተኞች አምጥቶ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ቤቴ ተቀምጬ፣ በአካል አይቼው ለማላውቅ ሰው ድረ ገጽ ስሠራ፣ የዘይት ቀለሙ ሽታ በበሩ ሥር ሾልኮ ገባና ሥራዬን አስተወኝ። መስኮት ብከፍትም አልወጣ አለ። ሌላ ሰው የዘይት ቀለም ሲሸተው ራሱን ያመዋል፤ እኔ ግን እናደዳለሁ። ይህ ሽታ ለእኔ የካርቱም ዒድ ሽታ ነው፤ ዒዱ ሲታወሰኝ ደግሞ አንድ ሰው አብሮ ይመጣል፣ ያ ሰው ይኸው ከስንት ዓመት በኋላም ደሜን ያፈላዋል።

ያኔ እኔና እናቴ ካርቱም ሁለት በሚባል ሠፈር፣ የአንድ ትልቅ ቪላ ጓሮ ውስጥ በተሠሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበርን። አባቴ ሱዳናዊ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተና ስሙን፣ መልኩን፣ እንዲሁም ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመን ለእናቴ የምከራከርበትን አረብኛ ትቶልኝ ሄደ። እናቴ ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሠፈር ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ቤት ታበስል ነበር። ዓርብ ሲሆን ከየቤቱ ለእረፍት የሚወጡት የሐበሻ ሴቶች እኛ ሆሽ፣ ማለት ግቢያችን ውስጥ፣ ይሰበሰቡና ፀጉር ይሠራራሉ። ከኒሙ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፣ በረዶ የገባበት ከርከዴ በጆግ ይቀርባል፣ አንዷ የሌላዋን ጭንቅላት በጉልበቶቿ መሃል አስገብታ መጎንጎን ስትጀምር ወሬውም አብሮ ይጀመራል። ወሬው ስለ ወንድ ወይም ስለ አገር ቤት ይመስላችሁ ይሆናል፤ ስለ ቀጣሪ ነበር። የትኛው ቤት ማቀዝቀዣ ይቆልፋል፣ የትኛዋ መዳም እጇን ታነሣለች፣ የትኛው ቤት ፓስፖርት ተቀብሎ ይደብቃል፣ የትኛውስ ቤት ዓርብ ጠዋት "ያላ፣ ሂጂ እረፊ" ብሎ ያሰናብታል፤ ይህ ሁሉ ከማበጠሪያው ጋር እኩል ሲመላለስ ይውልና ማታ ሁሉም ነጠላዋን አንሥታ ወደ ሚኒባሷ ትሮጣለች።

የእኔን ፀጉር የምትሠራው ትርንጎ ነበረች። ከመተማ በኩል የመጣች፣ ከሃያ ሦስት ዓመት የማትበልጥ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ቀጭን ልጅ ናት። የእኔ አማርኛ ያኔ አንካሳ ነበር፤ በመሃል አረብኛ ስሰነቅርባት ጉንጉኑን ጎተት አድርጋ ትቀጣኛለች፣ እኔም ኡኡ እላለሁ፣ እሷም ቃሉን በአማርኛ እስክናገር ድረስ አትለቀኝም። ፊደል የቆጠረችው ቤተ ክርስቲያን ስለነበር የስልኳን መልእክት እንኳ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ትምህርት ቤት የሄድኩት እኔ፣ አማርኛ ያስተማረችኝ ግን እሷ ናት ብል ማጋነን አይደለም።

ላፕቶፔን እናቴ ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ፣ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ነው የገዛችልኝ። ሦስት ቁልፎች ወልቀው ነበር፤ ከሥራቸው ያለውን ላስቲክ በጥፍሬ እየተጫንኩ እጽፍ ነበር። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል በተነሣ ቁጥር በፎጣ ጠቅልዬ አልጋ ሥር እከተዋለሁ፤ እንዲያም ሆኖ በማግሥቱ ሲነሣ አሸዋ እያላመጠ ነበር የሚነሣው። ኮድ መጻፍ የተማርኩት የሠፈር ልጆች በፍላሽ ከሚቀባበሏቸው መጻሕፍት ነው፣ ምክንያቱም የኢንተርኔቱ ግማሽ ለእኛ ዝግ ነበር። ሌላው ዓለም በአንድ ጠቅታ የሚያወርደውን መሥሪያ እኛ ስንጠይቅ፣ ማዕቀብ ከተጣለበት አገር ስለሆንሽ አይፈቀድልሽም የሚል ነጭ ገጽ ፊታችን ላይ ይደቀናል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ማንን ምን እንደበደልኩ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አገሬን የሚደብቅልኝ ፕሮግራም ከጓደኛ ለምኜ፣ አንድ ቀን የጀርመን፣ አንድ ቀን የኔዘርላንድ ሰው እየሆንኩ፣ መብራት ሲጠፋ እየተሳደብኩ ተማርኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ስለ ድመታችን የሚያወራ ገጽ ነበር፤ ከእናቴ በቀር ያየው ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ግን ዝርዝሩ ነው። አንድ ዓርብ ሴቶቹ ሲያወሩ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ የሚሉትን እንደወረደ መጻፍ ጀመርኩ፤ በሳምንቱ በሰንጠረዥ ደረደርኩት፣ በሦስተኛው ሳምንት ገጽ ሆነ። በካርቱም የቤት ቁጥር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቤት የሚታወቀው በሻሪዑ፣ ማለት በመንገዱ፣ እና በበሩ ነው። ስለዚህ ሴቶቹ እንደሚሉት፣ "ሻሪዕ አርባ አንድ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ፣ አረንጓዴ በር፣ ፓስፖርት ይወስዳሉ፣ እንዳትገቡ" ብዬ ጻፍኩ። ከሱ ሦስት ቤት አልፎ ያለውን ደግሞ "ሰማያዊ በር፣ ደግ ሰዎች፣ ዓርብ እረፍት አለ" አልኩት። ሥራ የምትፈልግ ሴት አንድ ጊዜ አይታው የትኛውን በር እንደምታንኳኳ፣ የትኛውን እንደምትሸሽ ታውቃለች። ራሴን አንድ ትልቅ ነገር እንደሠራሁ ቆጥሬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሠርቼም ነበር።

ገጹን ሰው ሁሉ በስልኩ እንዲያየው አድራሻ መመዝገብ፣ ለመመዝገብ ደግሞ የውጭ አገር ባንክ ካርድ ያስፈልግ ነበር፤ በማዕቀብ ውስጥ ካርድ ያለው ሐበሻ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ጋሽ ኃይሉ። በፖለቲካ የተሰደደ፣ የተማረ፣ ሱቅ ዐረቢ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግንበት ሱቅ ያለው፣ በስብሰባ ላይ መነጽሩን አውልቆ ስለ ሕዝብ መብት ሲናገር ሴቶቹ በአድናቆት አፋቸውን የሚከፍቱለት ሰው ነበር፤ ካርዱን ወንድሙ ከባሕረ ሰላጤ አገር ልኮለታል። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ እሱም "ልጄ" ይለኝ ነበር፣ ግንባሬን ስሞ በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል መዘገበልኝ። እኔም የይለፍ ቃሉን ተካፈልኩና ዝርዝሩን በየዓርቡ እያደስኩ ከስድስት ወር በላይ ቆየሁ።

ከዒዱ በፊት ጠራኝና ከገጹ ራስጌ የአንድ ደላላ ስልክ እንዳስገባ አዘዘኝ፤ ደላላው እሱ ራሱ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ብልህነት አላስፈለገኝም። ከዚያም ደላላው የሚያስቀጥርባቸው አራት ቤቶች ላይ የተጻፈውን ክፉ ነገር እንድፍቅ ፈለገ። እምቢ አልኩ፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አፍም የማይባል ነገር አልኩት፤ ሌባ አልኩት፣ ደንበኞቹ ፊት። በማግሥቱ ገጹን ልከፍት ስሞክር የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል።

ከዚያ ዒድ መጣ። ካርቱም ለዒድ የምታደርገውን የማያውቅ ሰው ታሪኩን አይረዳውም፤ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ቤት ያለው ሁሉ ግድግዳውን ይጠርጋል፣ በሩንም ይቀባል፤ ከተማው በሙሉ የዘይት ቀለም ይሸታል። ይህን እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግሁት ልጅ፣ በየዓመቱ ልብሴን በእርጥብ በር ያበላሸሁ ልጅ፣ ዝርዝሩን በበር ቀለም ስደረድር አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩትም። ከበዓሉ በኋላ በነበረው ዓርብ አንዷ ሴት እየሳቀች፣ "የሻሪዕ አርባ አንዷ ክፉ መዳም በሯን ሰማያዊ አስቀብታለች፣ ዋላሂ፣ አሁን ሰው መሰለች!" አለች። ሁሉም ሳቁ። በዝርዝሩ ላይ ግን በዚያ መንገድ ሰማያዊ በር ማለት ደግ ቤት ነበር።

እዚያው የነበሩትን አስጠነቀቅኩ። ሌላ ገጽ በነፃ ቦታ ላይ አወጣሁ፤ ግን ሁሉም በስልካቸው ያስቀመጡት የድሮውን አድራሻ ነበር። ትርንጎ የዚያን ዕለት አልመጣችም፤ አሠሪዎቿ የበዓል እንግዳ ስለበዛባቸው እረፍት አልሰጧትም። ሥራ ያላት ሰው ዝርዝሩን ምን ያደርግላታል ብዬ አልደወልኩላትም።

ቅዳሜ ሱቅ ዐረቢ ሄድኩ። "ጋሽ ኃይሉ፣ በሮቹ ተቀብተዋል፣ ዝርዝሩ ውሸት ሆኗል፤ ይዝጉት ብቻ፣ ሌላ ምንም አልልም" አልኩት። ከሚፈታው ስልክ ላይ ዐይኑን ሳያነሣ፣ "ልጄ፣ ይህ የኮሚኒቲው ንብረት እንጂ ያንቺ መጫወቻ አይደለም። በሰው ፊት ሰድበሽኛል፣ በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ፤ ከዚያ ኢንሻላህ እናየዋለን" አለኝ። ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ነገርኩት። "ኸላስ፣ በቃ! ደንበኛ ቆሟል" አለ። እዚያ ሱቅ ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምጠየቀው፣ እኔ ግን አንገቴን አቅንቼ ወጣሁ፤ በሚኒባሱም ውስጥ ስለ ኩራቴ ራሴን እያመሰገንኩ ቤቴ ገባሁ።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓርብ ትርንጎ ሳትመጣ ስትቀር እናቴ ደወለች፤ ስልኳ ዝግ ነው። አብራት ታድር የነበረች ልጅ ናት የነገረችን፤ አሠሪዎቿ ድንገት አገር ለቀው ሄዱ፣ ትርንጎም ዓርብን መጠበቅ ስላልቻለች ስልኳን አውጥታ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ "ሰማያዊ በር፣ ደግ ሰዎች" የሚለውን አነበበች፣ ሻንጣዋንም ይዛ ሄደች። ከፋርማሲው ስትነሣ መጀመሪያ ያገኘችው ሰማያዊ በር ያ የተቀባው፣ የክፉዋ መዳም በር ነበር። እናቴና እኔ ሄደን አንኳኳን፤ መዳሟ በበሩ ስንጥቅ አየችንና "እንዲህ የምትባል ማፊ፣ የለችም" ብላ ዘጋችው። ፖሊስ እንጥራ አልኩ፤ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ ፖሊስ ቢመጣ የሚያስረው መዳሟን ነው ወይስ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላትን ሴት ብላ ጠየቀችኝ።

በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩና ደንበኞቹ ፊት ይቅርታ አልኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። አነሣኝ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ ወንበሩን አዞረና ገጹን ዘጋው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ትርንጎ ከስድስት ሳምንት በኋላ በጠራራ ፀሐይ ከመዳሟ ግቢ አጥር ላይ ዘለለች። ዳሌዋ ላይ ወደቀች፤ መንገደኞች ሆስፒታል ወሰዷት፣ ፓስፖርቷ ግን መዳሟ እጅ ስለነበር ገና በክራንች መቆም ስትጀምር ከሻ፣ ማለት የፖሊስ አፈሳ፣ አገኛትና ከብዙ ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ወደ ድንበር ሰደዷት። ያ ኃይሉ ደግሞ በኮሚኒቲው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ "ሕፃናት ባልበሰለ ሥራቸው ያደረሱት ጉዳት" ብሎ ተናገረ፤ ጭብጨባም አገኘ። አሁን አውሮፓ ነው። አምና የራሱን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ አየሁት፤ ከፎቶው ሥር "በካርቱም ለሐበሻ ሴቶች የመጀመሪያው ድረ ገጽ መሥራች" ብሎ ጽፏል። አልሰደብኩትም፤ የሚመጥነውን ስድብ አጥቼ ነው እንጂ ይቅር ብዬው አይደለም። ይቅር አልለውም። ቢሞት እንኳ ለቅሶ አልደርስም።

ወራት አልፈው ትርንጎ ከመተማ ደወለች። እግሯ እንደሚያነክሳት፣ ወንድሟ ቤት ቁጭ ብላ በርበሬ እየለቀመች እንደምትኖር ነገረችኝ። እኔም የቋጠርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ስለ ኃይሉ፣ ስለ ይለፍ ቃሉ፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ዒዱ። እያለቀስኩ ስለነበር አረብኛው ከአማርኛው ጋር ተደባልቆብኛል፤ የዚያን ቀን ግን አላረመችኝም። እስክጨርስ አዳመጠችኝና፣ "ኃይሉ ማነው?" አለች።

ቀጥላም፣ "እኔ እሱን አላውቀውም" አለች፣ ቁጣ እንኳ በሌለው ድምፅ፤ "አንቺ የጻፍሽው ነው ብዬ ነው የገባሁት።"

ከካርቱም እስክወጣ ሴቶቹ በየዓርቡ ግቢያችን መምጣታቸውን አልተዉም። አንድም ሰው በክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ቦታ ይለቁልኛል፣ ከርከዴ ይቀዱልኛል፣ ስለ ትምህርቴም ይጠይቁኛል። እኔ ከክፍሌ ስወጣ ግን የቤቶቹ ወሬ ይቆማል፤ አንዷ ሙቀቱን ታነሣለች፣ ሌላዋ የቲማቲም መወደድ ታነሣለች፣ ተመልሼ እስክገባም በዚያው ይቆያሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድም ቤት፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ እኔ ፊት የተናገረች ሴት የለችም፤ እናቴም ጭምር።