ባሌን ውሃ ውስጥ የቀረጽኩት እኔ ነኝ

ባሌ በሞተ በዓመቱ ቤተሰቦቹ ሲግናል በሚገኘው በእህቱ ቤት መታሰቢያ አደረጉለት። ተዝካር አይሉትም፤ ጴንጤዎች ናቸው። ቢሆንም ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተከራዩ፣ ሰው ምሳ በላ፣ በመጨረሻም ሁሉም ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ የሟችን ፊልም አየ። በእነሱ ወገን ፊልም የሌለው መታሰቢያ ጎደሎ ነው። ከልጅነት ፎቶግራፍ ይጀምራል፣ ሠርግ ይመጣል፣ መሥሪያ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሥሩ መዝሙር ይፈሳል። በባሌ ፊልም መጨረሻ ላይ ባሌ ባሕር ውስጥ ይታያል። ያንን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቤት አንድም ሰው አላመነኝም።

ሞምባሳ የሄድነው ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለስልጠና ናይሮቢ ላከውና ስልጠናው ሲያልቅ ለዕረፍት እንድከተለው አደረገ። ለእኔ ብሎ ነው ብዬ አላስብም። ሁለቱ ባልደረቦቹ ሚስቶቻቸውን ሊያስመጡ ስለሆነ ብቻውን መታየት አልፈለገም። ከመሄዱ በፊት ዱባይ ደርሶ ከመጣ ሰው አንዲት ካሜራ ገዝቶ ነበር፤ ቢጫ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል፣ ውሃ አይገባትም የተባለች። አላመነም። ቀበና ቤታችን ግቢ ውስጥ ሳፋ ሙሉ ውሃ አስቀረበና ነከራት፤ ጣቶቹን እያንቀሳቀሰ ብዙ ቀረጸ። ሳፋውን የደፋሁት እኔ ነኝ።

ከውሃ ጋር ትውውቅ አልነበረኝም። ያደግኩት ቀበና ወንዝ ዳር ነው፤ ግን ወንዶቹ ልብሳቸውን ጥለው ሲዘሉ እኛ ሴቶቹ ከታች ሆነን ሸሚዛቸውን እናጥብ ነበር። ክረምት ሲገባ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ ሲያልፍ ከነድምፁ እቤታችን ይገባል። እናቴ ወንዙ ድምፁን ሲለውጥ በሩን ትዘጋ ነበር፤ በር የሚያቆመው ይመስል።

የባልደረቦቹ ሚስቶች ሞምባሳ ገበያ ወጡ። ባሌ ገበያ ስለማይወድ ሁለታችን በጀልባ ሄድን። ባለ ጀልባው ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን መነጽርና አፍ ውስጥ የሚነከስ መተንፈሻ ቱቦ ሰጠን። ለእኔ ደግሞ የሚያንሳፍፍ ጃኬት አለበሰኝ። የዋና ልብስ የለኝም፤ ጥቁር ታይትና የባሌን ካናቴራ ነው ያደረግኩት። በአፌ ብቻ እንድተነፍስ፣ ፊቴን ውሃ ውስጥ ከትቼ እንድንሳፈፍ በምልክት አስረዳኝ። እኔ ጀልባው ላይ መቅረት ነበር የፈለግኩት። ባሌ ካሜራዋን የእጄ አንጓ ላይ አሰረልኝ።

«አንቺ ያዢው። እኔ ልዋኝ፣ አንቺ ቅረጪኝ» አለ።

ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ስለሆነ ዋና ያውቃል። አውቆም ዝም አይልም።

ፊቴን ውሃ ውስጥ ስከት መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሼን ነው። ሰው በዚያ ዕድሜው የራሱን ትንፋሽ እንደ ሌላ ሰው ትንፋሽ ይሰማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይገባል፣ ይወጣል፣ ቱቦው ያጎላዋል። ከሥሬ ዓሦች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ባለ ቢጫ መስመር፣ አንዳንዶቹ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ። እኔን ከቁም ነገር አልቆጠሩኝም፤ ያ ደስ አለኝ። ባሌ ከፊቴ ነበር። ሁልጊዜም ከፊቴ ነው። መገናኛ ታክሲ ለመያዝ ስንሻገር እንኳን እሱ ማዶ ደርሶ ገብቶ ይቀመጣል፤ እኔ በመኪናዎቹ መሃል እየተሳቀቅኩ እከተላለሁ፤ ረዳቱ «እማማ ቶሎ በሉ» ሲል ሚስቱ መሆኔን አይናገርም። እዚያም እግሮቹን እየቀረጽኩ ተከተልኩት።

ከዚያ ዞረ። ውሃው እስከ ደረቱ የሚደርስበት አሸዋማ ቦታ አግኝቶ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብሎ ፊቱን ውሃ ውስጥ ከተተና ፈለገኝ። ሲያየኝ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ ጣቶቹን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ነይ ማለቱ ነው። በመካከላችን ጥልቁ ነበር፤ ታቹ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ትንፋሼ ቀጥ አለ። ከዚያ በኃይል ተመለሰና እግሬን እያንፈራገጥኩ ሄድኩ። ይህ ሁሉ በካሜራዋ ላይ ነበር። እኔ አልታይም፤ ግን ትንፋሼ ሲቆም፣ ሲፈራ፣ ሲነሳና ሲሄድ ይሰማል።

ሆቴል ተመልሰን በካሜራዋ ትንሽ መስታወት ስናየው ባሌ ሳቀ። እንጦጦን በሩጫ የወጣሽ ነው የምትመስዪው አለኝ። ደግሞ አስጀምሮ አየው፤ ደግሞ ሳቀ። ስንት ዓመት አብረን ኖረን በእኔ ጉዳይ ደስ ብሎት የሳቀበት ሌላ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አዲስ አበባ ስንመለስ ግን እንኳን ደህና መጣችሁ ሊሉ በመጡት ዘመዶቹ ፊት ቪዲዮውን ያለ ድምፅ፣ መጨረሻውን ሳያደርስ አሳየና ማን ቀረጸህ ሲሉት አስጎብኚው ነው አለ። እሷስ ሲሉት ጀልባ ላይ ነበረች አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ለስላሳ እየቀዳሁ ነበር። በኋላ ስጠይቀው በታይት ውሃ ገባች ብለው ሊያወሩ ነው እንዴ፣ እኔኮ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ አለኝ። እህቱን ነበር የፈራው። ሲያገባኝ የኦርቶዶክስ ልጅ አመጣህ ብላ ሠርጋችን ላይ ያልዘመረች ሴት ናት፤ የመዘምራኑ መሪ ሆና ሳለ።

ከዚያ ታመመ። ሳንባው ነው። በመጨረሻው ጊዜ አፉና አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ተደርጎለት ነበር የሚተነፍሰው፤ እኔ አልጋው አጠገብ እቀመጣለሁ። እህቱ ጓደኞቿን አስከትላ ትመጣለች፣ ትጸልያለች፣ ትሄዳለች። የታመመ ሰው ገላ ማጠብ ጸሎት ስላልሆነ መሰለኝ ለእኔ የተተወው።

መታሰቢያው ሲቃረብ እህቱ የባሕሩን ቪዲዮ ፈለገች። የካሜራዋን ሚሞሪ ካርድ ሰጠኋት። ቅጂ አልነበረኝም፤ ቅጂ የሚባለውን የሚያደርግልኝ ሰውም አልነበረኝም። ለቀላል ባቡሩ ሲባል መንገዱ ተቆፋፍሮ አቧራ በሚነሳበት ወቅት መገናኛ ያለ አንድ ቪዲዮ ቤት ወስዳ አሠራችው። ካርዷ ከመታሰቢያው በፊት ተመለሰችልኝ። የጎረቤት ልጅ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችልኝ፤ ባሕሩ የለም። የመዘምራን ልምምድ ተቀርጾባታል።

በዕለቱ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ይንጫጫ ስለነበር ድምፁን ከፍ አደረጉት። የመጨረሻው ክፍል መጣ። ባሌ በሰማያዊው ውስጥ ቆሟል። ቪዲዮ ቤቱ አዘግይቶታል፤ እጁ ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ጣቶቹ ቀስ ብለው ይታጠፋሉ። ትንፋሼ የለም። በትንፋሼ ቦታ የእህቱ ድምፅ ነው ያለው፤ ስለ ሰማይ ቤት የዘመረችው መዝሙር። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ተሰናበተን ተባለ። አንዷ ለሌላዋ፣ አየሽው፣ ሳያውቀው ቻው እያለን እኮ ነው ትላለች። ከዚያ ሥዕሉ ነጣና አለቀ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ማን ቀርጾት ይሆን፣ እግዚአብሔር ነው ይህን ያስቀረልን አሉ። እህቱ አስጎብኚው እንደሆነ ነገረቻቸው።

«እኔ ነኝ የቀረጽኩት» አልኩ። «ቻውም አላለም። እኔን እየጠራኝ ነበር።»

እህቱ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«አስጎብኚው እንደሆነ ራሱ ነው የነገረን።»

«ትንፋሼ ይሰማ ነበር። ምን አደረግሽው?»

«ያ የእሱ ትንፋሽ ነው» አለች። «ሆስፒታል የሰማሁት ይበቃኛል። ወንድሜ ሲያቃስት ሰው ፊት አላሰማም።»

ትንፋሹን ከእኔ በላይ ማን ሰምቶታል? ይህን ልላት አፌን ስከፍት አንዲት አክስቱ ቀደመችኝ።

«አንቺ ደግሞ ቀበናን በድልድይ ስትሻገሪ ዓይንሽን የምትጨፍኚ፣ ምን አግኝተሽ ነው ባሕር የገባሽው?»

ሲያለቅሱ የነበሩት ሳይቀሩ ሳቁ። እህቱ ትከሻዬን ይዛ «ተባረኪ እህቴ፣ ዛሬ የእሱ ቀን ነው» አለችኝ። ተባረኪ ሲሉ ዝም በይ ማለታቸው እንደሆነ ከእነሱ ጋር የኖረ ያውቀዋል። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ማንም አልሸኘኝም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እህቱ ፊልሙን በዲቪዲ ይዛልኝ ቀበና መጣች። ሳሎን ተቀምጣ ብዙ ስለ ሌላ አወራች፤ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ስኳር መጥፋት። ልትወጣ ስትል በር ላይ ቆማ እውነት አንቺ ነበርሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

«ታዲያ ለምን ደበቀን?»

«አንቺን ፈርቶ።»

በሚቀጥለው መታሰቢያ ለሰው እነግራለሁ አለች። የሚቀጥለው መታሰቢያ ደረሰ፤ ያው ፊልም፣ ያው መዝሙር፣ ያው ለቅሶ። አልተናገረችም። እኔም አላስታወስኳትም። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደውሉ ጉልበቴን አሞኛል እላለሁና እቤቴ እውላለሁ። መታሰቢያው ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ነው። ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ዲቪዲውን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሥዕሉ የሚነጣው ገና ጣቶቹን እንዳጠፈ ነው። ከዚያ በኋላ የነበረውን ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ደረስኩበት። የጃኬቴን ማሰሪያ ይዞ ሳበኝና አቆመኝ፤ እግሬ አሸዋ ነካ። ካሜራዋ ከአንጓዬ ተንጠልጥላ አሸዋውንና አራት እግሮቻችንን ስትቀርጽ ነበር። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ከውሃው በላይ ሲናገር ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ተቀርጾ ነበር።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ» አልኩት።

ቪዲዮ ቤቶቹ ሥዕሉ ተናውጧል ብለው ቆርጠው አወጡት።