የገላ ቀለም ጫማ

ጫማው በካርቶን ከአዲስ አበባ የመጣው ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን ነው። እኔ ያኔ ላሊበላ በመንግሥት ሆቴል አስተናጋጅ ነበርሁ፤ ስድስት ሴቶች ነበርን። ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ሴት ናት። ካርቶኑን በምግብ አዳራሹ መሐል አስከፈተችና አንድ ጥንድ አንሥታ አሳየችን።

«ይህ የገላ ቀለም ይባላል» አለች። «የእንግዳ ዓይን ምግቡ ላይ ይረፍ እንጂ እግራችሁ ላይ አይረፍ። ጫማውና እግራችሁ አንድ መስለው መታየት አለባቸው።»

ጫማው የተላጠ ድንች ይመስል ነበር። ሁለቱ ልጆች ቀይ፣ እኔና ሌሎች ሁለት ጠይም፣ ከፍላቂት የመጣችው ጓደኛዬ ደግሞ የጠራች ጥቁር ነበረች። ጫማውን አጠለቀችና እግሯን ዘርግታ አየችው።

«እሜቴ፣ ይኼ የማን ገላ ነው? ባለቤቱ እየፈለገው እንዳይሆን!»

እኛ ሳቅን። ኃላፊያችን አልሳቀችም። የውጭ እንግዶች በቅርብ እንደሚመጡ፣ ጫማዋን ከእግሯ ጋር ያላመሳሰለች እንደምትሰናበት ነገረችን። «በዚህ ጊዜ ሥራ የሚለምን በየበሩ ሞልቷል» አለች። እሱስ እውነቷን ነበር።

ዝናብ ሁለት ክረምት ከድቶን ሰው ከየገጠሩ ወደ ከተማው እየወረደ በየአጥሩ ሥር ይተኛ ነበር። እኔና ጓደኛዬ በጋራ በተከራየነው አንድ ክፍል ውስጥ እናቷና ሁለት ታናናሾቿ ተጠግተዋል። የሚበሉት እኛ ከሆቴሉ ወጥ ቤት በነጠላችን ቋጥረን የምናመጣውን ትራፊ ነው። እናቷ በዚያ ረኃብ መሐል እንኳ ጾማቸውን አልገደፉም፤ ቅቤ የነካው ሩዝ ከመጣ ለልጆቹ ይሰጡና እሳቸው ደረቅ ዳቦ በውኃ ያርሱ ነበር። ጓደኛዬ ሥራዋን ካጣች ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄድን። ቡኒ ቀለም ከጠፋ ከርሟል። ከሣጥኑ ግርጌ አንድ ቆርቆሮ አወጣ፤ የቀረው ጠርዙ ላይ የደረቀው ነው።

«ለአንዷ ይሆናል፤ ለሁለት አይበቃም» አለ።

እጄን የዘረጋሁት እኔ ነበርሁ። አሁን ሳስበው ጓደኛዬ ወደ ኋላ ብላ ቆማ ነበር። ቀለሙ ለእኔ ጫማ ልክ ሆነ፤ እግሬ የት ላይ እንደሚያልቅ አይለይም።

«ላንቺስ ተገኘ፤ እኔ እንግዲህ ጥላሸት ልለቅልቀው» ብላ ሳቀች።

ጥላሸት ስትል መጽሐፍ ጻፊው ትዝ አሉኝ። ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ብራና የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ካረረ ገብስ ለወራት ዘፍዝፈው ያወጡታል፤ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ቀይም አላቸው። ሁለቱ ቢደባለቁና ቢቀጥኑ የጓደኛዬን መልክ እንደሚሰጡ ገመትሁ። ብቻዬን ወጣሁ።

«ለምንሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

የጌታ ስም የሚጻፍበት ቀለም ከእግር በታች እንደማይውል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እውነቱን ብናገር እንደማይሰጡኝም አውቃለሁ።

«ለንስሐ አባቴ ነው፣ አባ። ዳዊታቸው ጽሕፈቱ እየለቀቀ አስቸገራቸው» አልሁ።

«እሰይ። በይ ውኃ እንዳይነካብሽ» ብለው ከጥቁሩም ከቀዩም በሁለት ትንንሽ ቀንድ ቀዱልኝ። ዋጋ ብጠይቅ ተቆጡ። ጉልበታቸውን ስሜ ወረድሁ።

ለጓደኛዬ ውሸቴን አልነገርኋትም። እሷ አውቀው የሰጡን መስሏት መረቀቻቸው። በጨርቅ እያጠቀስን ከውጭም፣ የሚታየውን የውስጥ ጠርዝም ቀባነው። ሦስት ጊዜ ደራረብንበት። ሲደርቅ እግሯን አስገባችና እናቷ ፊት ቆመች፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው «ባዶ እግርሽን ነሽ እንዴ?» አሏት። በማግሥቱ ኃላፊያችን በእግሯ ዙሪያ ዞራ አየችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ጓደኛዬ በሥራዋ ላይ ቆየች፤ ዳቦውም አልተቋረጠም።

ጸሎተ ሐሙስ ቁርስ አቅርበን እንደጨረስን በዚያው ጫማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በመንገድ ላይ ለአፈር የማይበቃ፣ ጫማ ብቻ የሚያርስ ካፊያ ጣለብን። ጫማችንን ደጅ አውልቀን ገባን። ለእግር አጠባው ሰው ተሰልፎ ቄሱ እያጠቡ፣ መሪጌታው በማንቆርቆሪያ እያፈሰሱ ነበር። ሳያቸው ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብሁ። ግን ጾሙን ሙሉ የጠበቅሁት በረከት ነውና ከሰልፉ አልወጣሁም። ጓደኛዬ ከፊቴ ነበረች፤ በመካከላችን አንዲት ባልቴት አሉ።

ጓደኛዬ እግሯን ሳህኑ ውስጥ አደረገች። ውኃው ጠቆረ። ከተረከዟ ሥር ደግሞ ቀይ ወጣ። ቄሱ ደንግጠው እጃቸውን አነሡ። መሪጌታው ጎንበስ ብለው ውኃውን በጣታቸው ነኩና ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ።

«ይህ የእኔ ቀለም ነው። የእግዚአብሔር ስም የሚጻፍበት! ማን ሰጠሽ?»

ጓደኛዬ ዘወር ብላ አየችኝ። ፊቴ ላይ ያየችው ሁሉንም ነገራት። እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ።

«አብራኝ ከምትኖር ልጅ ዕቃ ውስጥ ሰርቄ ነው፣ አባ» አለች። «እሷ አታውቅም። ጫማ ቀባሁበት።»

ሰዉ አጉረመረመ፤ ከኋላ አንዷ «እግዚኦ!» አለች። መሪጌታው አልተሳደቡም፤ እንባቸው መጣ። ጫማው ይቃጠል አሉ። ጓደኛዬ ራሷ ከደጅ አምጥታ ሰጠቻቸው። እኔ ተራዬ ሲደርስ እግሬን ዘረጋሁ። የተቀየረው ውኃ እንደ ጠራ ቀረ።

በስቅለት ማለዳ በላስቲክ ጫማ ሥራ ገባች። የመንግሥት ንብረት አጥፍተሻል ተብላ ከሰዓት በፊት ተሰናበተች። ወጥ ቤቱ ጓሮ አገኘኋት።

«ለምን አልተናገርሽም? የእኔ ጥፋት ነው» አልኋት።

«አንቺን ባነሣ ሴትዮዋ ሁለታችንንም ታስወጣ ነበር። ለእናቴ ማን ዳቦ ያመጣላታል?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

ለሁለት ሳምንት ያህል ዳቦውን ብቻዬን አመጣሁላቸው። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ጎረቤታችን ካድሬዎች ለሰፈራ መዝግበዋቸው እንደነበር፣ ጠዋት በመኪና እንደጫኗቸው ነገረችኝ። «ዳቦውን ለሌላ ትስጠው ብላለች» አለችኝ።

ለንስሐ አባቴ ውሸቴን ተናዘዝሁ፤ ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጸምሁ። ዝም ማለቴን ለመናዘዝ ግን ዓመት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ስነግራቸው «ይህን እኔ አልፈታውም፤ እሷን ይቅርታ ጠይቂ» አሉኝ።

ኢሉባቦር የመጣሁት ሰፋሪዎቹ ወደዚህ ሄዱ ስለተባለ ነው። እዚሁ ቀረሁ። ከወሎ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ከፍላቂት የሆነች፣ የጠራች ጥቁር፣ ቀልደኛ፣ እናትና ሁለት ታናናሾች ያሏት እያልሁ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ የመጀመሪያው ዓመት ወባ ስንቱን እንደፈጀ ይነግሩኛል። እሷን አውቃታለሁ ያለኝ እስካሁን የለም።