የሷ መኪና፣ የልደታ ንፍሮ

አሜሪካ፣ ስኮትዴል ያለው ቤታችን ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ መኪና ነበረች። ከኋላ አልጋ፣ ከጎን ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያላት፣ ሰው ለሽርሽር ወጥቶ ውስጧ የሚያድርባት ዓይነት ናት። ባሌ ከቀድሞ ሚስቱ ጋር የገዛት ነች። ሲፋቱ ሴትየዋ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ከምትሠራበት ሆስፒታል አጠገብ አፓርትመንት ተከራይታ ሄደች፤ መኪናዋ ግን ቀረች። እኔ ቤቱ ከገባሁ ጀምሮ በኩሽናው መስኮት ባየኋት ቁጥር ያች ሴትዮ ራሷ ጓሮዬ ውስጥ የቆመች ይመስለኝ ነበር። መጋረጃዎቹን የሰፋችው እሷ ናት። የመሳቢያው እጀታ ተሰብሮ በቀይ ክር ጥምጥም አድርጋ ያሰረችውም እሷ ናት። ከፍቺያቸው ወዲህ ሁለት ዊንተር ሙሉ ማንም አልነካትም። እኔም እዚያው ትበስብስ ብዬ አንዴም ስሟን አላነሳሁም።

ግንቦት ልደታ ባትመጣ ኖሮ በስብሳ በቀረች ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ልደታን የማይለቁ እናቶች አሉ። የልደታ ንፍሮ ደጅ ይቀቀላል፣ ደጅ ይበላል፤ ይህን አሜሪካም መጥተው አልተዉም። በቀድሞዋ ሚስት ጊዜ መኪናዋ ፓርክ ድረስ ትሄዳለች፣ የጎን በሯ ይከፈትና ምድጃው ተጎትቶ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ውስጥ ከተቀቀለማ ያው ቤት ነው ይላሉ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው ደግሞ አልጋው ላይ አረፍ ይላሉ። አምና መኪናዋ ስላልተነሳች በዓሉ እንዲሁ አለፈ። ዘንድሮ ልደታ ቅዳሜ ላይ ዋለችና ዝግጅቱ በእናንተ ይሁን ተባልን። በእናንተ ማለት በኔ ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ እነዚያ እናቶች ያን ቀን "በሷ ጊዜ" የሚል ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ እንዲውሉ።

ስለዚህ ያለዚያች መኪና ላደርገው ቆረጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት ማልጄ ስንዴውን፣ ሽምብራውንና ባቄላውን ኩሽናዬ ውስጥ ጣድኩት። ተቀቅሎ ሲያልቅ በሆንዳዬ ጭኜ ፓርኩ አደርሰዋለሁ፣ መኪናዋም ሸራዋን ለብሳ ትቀራለች። እንደዚያ እያሰብኩ እያማሰልኩ ሳለ የጎን በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማማ ነበሩ፤ የልደታዎቹ እናቶች ሁሉ የሚሰሟቸው ሴት ናቸው።

"ልጄ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?"

"ንፍሮ ነው እማማ። ለልደታ።"

"እቤት?"

ድስቱን አዩት፣ ምድጃውን አዩት፣ ቀጥሎ ጣሪያውን አዩት።

"ይሄ እንግዲህ ለቁርስ ይሁናችሁ" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰብኝ። "እሷ እኮ ዝናብ እየዘነበ እንኳ ጥላ ይዛ ደጅ ነበር የምትቀቅለው።"

ይኸው ገና ፓርኩ ሳንደርስ ተባለ። ፊቴ እንደ ሚጥሚጣ ቀልቶ እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያቃጥለኝ ግን እንደሱ ነበር። የተረፈውን ጥሬ እህል በፌስታል ቋጥሬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ባሌ ሸራውን ገፎ እያጠፈ ነበር። የዛፉ ቢጫ ብናኝ እጁንም ጺሙንም አልብሶታል። ለካ እሱ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ሲሰናዳ ከርሟል፤ ባትሪውን ቻርጅ አድርጎ መልሷል፣ ጎማውን ነፍቷል፣ የቆየውን ቤንዚን ቀድቶ አዲስ ሞልቷል፣ አየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ የሠራችውን ጎጆ ሳይቀር አውጥቶ ጥሏል። የኔን መኪና ዘይት ቀይርልኝ ብዬ ከለመንኩት ግን ወር አልፎታል።

ቁልፉን አዞረ። እህህህ አለችና ዝም አለች። የነዳጁን ፔዳል ደጋግሞ ረገጠና እንደገና አዞረ። አሁንም እህህህ። ጓሮው በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ።

"እሷ እኮ የሆነ ነገር ታደርግ ነበር" አለ ግንባሩን እያከከ።

"ምን ታደርግ ነበር?"

"እንጃ። እኔ ሸራውን አጥፌ ሳልጨርስ ነበር የምትነሳው።" ስልኩን ከኪሱ አወጣና፣ "ልደውልላት እንዴ?" አለ።

እንዴት ቀለል አድርጎ እንዳለው። ቁጥሯ ስልኩ ውስጥ መኖሩን አውቃለሁ፤ ከአንዴም ሁለቴ አይቼዋለሁ። "አንተ አትደውልም" አልኩት። "ስልኩን ስጠኝና ከመኪናዋ ውረድ።"

አትክልቱ ጥግ ሄጄ ደወልኩ። ድምጿን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወፍራም እንዲሆን ተመኝቼ ነበር፤ ያምራል።

"ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቱ ነኝ። መኪናዋ አልነሳ ብላን እርስዎን አስቸገርን።" እርስዎ ያልኳት አክብሬ አይደለም። ታላቄ መሆኗን እንድታስታውሰው ነው።

ሳቀች። "አንቺ በይኝ ባክሽ፣ ገና አላረጀሁም። ዛሬ ልደታ ነው አይደል? አውቄዋለሁ። ፔዳሉን ደጋግሞ ረግጧል?"

"ረግጧል።"

"ቤንዚን በዝቶባታል። ትንሽ ተያትና አንቺ ግቢ። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠሽ ያዢው፤ አትልቀቂው፣ አታመላልሺው። እንደዚያ እንደያዝሽ ቁልፉን አዙሪ። ታስነጥሳለች፣ አትፍሪ። ስትነሳ ቀስ እያልሽ ልቀቂው።"

"እሱ ይሄን አያውቅም?"

"እሱ? እሱ እኮ አንድም ቀን አስነስቷት አያውቅም። እና ደግሞ፣ ስትነሳ ዳሽቦርዷን መታ መታ አድርጎ 'ንግሥቴ' ይላል። የመጀመሪያ ጊዜ ለኔ መስሎኝ ዞር ብዬ ነበር። እንዳትዞሪ ብዬ ነው።"

አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት።

የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ባሌ ከጎኔ ገባ። እንዳለችኝ ፔዳሉን ረግጬ ያዝኩና ቁልፉን አዞርኩ። አስነጠሰች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ መጋረጃዎቿ ሁሉ ተወዛወዙና ተነሳች። ባሌ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጁን ዘርግቶ ዳሽቦርዷን መታ መታ አደረገ።

"ንግሥቴ" አለ።

አልዞርኩም። ግን ላለመዞር ጥርሴን መንከስ ነበረብኝ። ተጋብተን እስከዚያች ጠዋት ድረስ "ስሚ" እና "አንቺዬ" እንጂ ሌላ ብሎኝ አያውቅም። ንግሥቴ የሚል ቃል አፉ ውስጥ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ፓርኩ ስንደርስ እናቶቹ በነጫጭ ነጠላቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። መኪናዋን ሲያዩ እልል አሉ። ቁልፉን አጥፍቼ እስክወርድ ባሌ ቀድሞኝ ወርዷል። እማማ ደግፈኝ ልነሳ ብለው እጁን ያዙት።

"እሰይ የኔ አንበሳ" አሉት። "እንደ ሁልጊዜው አስነሳሃት። አንተ ባትኖር ልደታን ማን ያሳየን ነበር?"

"ምን ይደረጋል እማማ" አለ ባሌ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ እንደ ትሑት ሰው።

ድስቱን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። እንደ ሁልጊዜው። ስንት ልደታ እሷ ፔዳሉን ረግጣ አስነስታ፣ ምርቃቱን እሱ ሲቀበል ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ የቀናሁት እዚህ ፓርክ ውስጥ አላት በምለው ክብር ነበር፤ ጥላ ይዛ ከመቀቀሏ በቀር የሚያስታውስላት የለም። ንግሥቴም የተባለችው እሷ አይደለችም። ቅናቱ ግን ለቀቀኝ ማለት አይደለም፤ የት እንደማደርገው ቸግሮኝ ከምድጃው ፊት ቆምኩ።

ምድጃውን ወደ ውጭ ሳብኩና ንፍሮውን ጣድኩ። ውሃው መፍላት ሲጀምር የባሌን ስልክ ከኪሴ አወጣሁ፤ አልመለስኩለትም ነበር። ቁጥሯን ፈልጌ ጻፍኩላት፤ "እኔ ነኝ። ንግሥቴ ብሏል። ንፍሮው እየበሰለ ነው፤ ተጭኖ ቤት አይወሰድ ነገር፣ ከፈለግሽ ነይ።"

ወዲያው መለሰች። "መጣሁ።"

ባሌ ከሩቅ ቁልፉን ስጪኝ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ፤ መኪናዋን ጥላ ውስጥ ፓርክ ላድርጋት ብሎ። "ቁልፉ እኔ ጋ ይቆያል" አልኩት። ከዚያ በመኪናዋ መስታወት ፀጉሬን አስተካከልኩ። ድምጿ እንደዚያ ካማረ መልኳም ሳያምር አይቀርም።